ምግብ የሚተፋን ዓሣ ከሆድ ጥገኛ ተውሳክ ማዳን፦ ከደብረ ብርሃን የቀረበ ጥያቄና የተከተሉት መልሶች

ጥያቄውን ለዓሣ አርቢዎች መወያያችን ያቀረበችው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ የምትኖር መምህርት ናት። 80 በ35 በ40 ሴንቲ ሜትር በሆነ አኳሪየም ውስጥ ኤንጀልፊሽ የሚባሉ ስድስት የጌጥ ዓሣዎች ታረባለች። ከስድስቱ ሁለቱ ምግብ ሲጣልላቸው ተሽቀዳድመው ይመጣሉ፤ ወደ አፋቸው ያስገቡታል፤ ጥቂት አላምጠው መልሰው ይተፉታል። ሆዳቸው ወደ ውስጥ ጎድጉዷል፤ ሰገራቸው ነጭ ክር መስሎ ለረጅም ጊዜ ተንጠልጥሎ ይቆያል። የሆድ ጥገኛ ተውሳክ ሳይሆን እንደማይቀር ገምታለች። መድኃኒቱ ከምግብ ጋር ሲሰጥ ይበልጥ እንደሚሠራም አንብባለች። የቸገራት ታዲያ ግልጽ ነው፤ የማይበላ ዓሣ በምግብ የሚሰጥ መድኃኒት እንዴት አድርጎ ይወስዳል?

በሰሜን ሸዋ ዓሣ በመስታወት ገንዳ የምናረባ ሰዎች ብዙ አይደለንም፤ ያለነውም አንድ ቀን ከዚህ ችግር ጋር መፋጠጣችን አይቀርም። የመልሱ ብዛት ሠላሳ ደርሷል። ከመካከላቸው ሕይወት የሚያድን አለ፤ ዓሣ የሚገድልም አለ። አዲስ ገቢ ሁለቱን እንዳያደባልቅ ስለምሰጋ ሁሉንም በየቁጥራቸው እተርካለሁ። ፍሬ ነገር ባለበት ላይ እቆያለሁ፤ በሌለበት አልፋለሁ።

1ኛው መልስ ከፍቼ መጣ። ጸሐፊዋ ሰላምታዋን ካስቀደመች በኋላ መልስ ከመስጠት ይልቅ ጠየቀች፦ ውኃው ስንት ዲግሪ ነው? ዓሣዎቹ ከየትና መቼ ተገዙ? ሌሎቹ ይበላሉ? ከመካከላቸው አባራሪ አለ? እነዚህ ሳይመለሱ ስለ መድኃኒት ማውራት ከንቱ ነው አለች፤ ደግ አድርጋለች። በ2ኛው መምህርቷ ወዲያው መለሰች። ውኃው 26 ዲግሪ ነው። ዓሣዎቹ በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው። አራቱ ደህና ይበላሉ፤ ከእነርሱ ትልቁ ግን በምግብ ሰዓት ሁለቱን ታማሚዎች ወደ ጥግ ያባርራቸዋል። የምትሰጣቸው ደረቅ፣ ስስ ቅጠል የሚመስለውን የፋብሪካ ምግብ ብቻ ነው።

3ኛው ከሸዋ ሮቢት ሲሆን መድኃኒቱ ነጭ ሽንኩርት ነው ብሎ ገባ። አንድ ፍንካች ወቅጦ ጭማቂውን በደረቁ ምግብ ላይ ያንጠባጥባል፤ ሩብ ሰዓት አቆይቶ ይሰጣል፤ የእርሱ ዓሣዎች ይሻሙበታል። 4ኛው፣ ከደብረ ሲና የጻፈ ወጣት፣ ይህንኑ ደግፎ እናቱ ለሰውም ለከብትም ነጭ ሽንኩርት እንደማይለያቸው ጨመረ። በ5ኛው የፍቼዋ ተመልሳ ሁለቱንም በጨዋ ቃል አረመቻቸው። የነጭ ሽንኩርት ሽታ አንዳንድ ዓሣ ምግቡን እንዲቀምስ ይገፋፋው ይሆናል፤ ያንን አልካደችም። ምግብ መቀስቀስና ከአንጀት ውስጥ ተውሳክ ማስወጣት ግን ለየቅል ናቸው፤ ዓሣው በላ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። እኔም ከእርሷ ጋር ነኝ። ነጭ ሽንኩርት ቦታ አለው፤ ቦታው የትኛው እንደሆነ ከታች ይመጣል።

6ኛው መልስ የዚህ ሁሉ ውይይት አከርካሪ ነው። የጻፈው አዲስ አበባ ሳለ ለብዙ ዓመታት ዲስከስ የተባለውን የጌጥ ዓሣ ያረባ፣ አሁን ሥራው ወደ ደብረ ብርሃን ያመጣው ሰው ነው። የነገሩን ሥር ከዓሣው ተፈጥሮ ጀመረ። የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ውኃ አይጠጣም ማለት ይቻላል። የሰውነቱ ጨው በዙሪያው ካለው ውኃ ስለሚበልጥ ውኃው ራሱ በስንጥቡ፣ ማለትም በመተንፈሻው፣ በኩል እየሰረገ ይገባበታል፤ ሥራው የገባበትን ማስወጣት ነው። የባሕር ዓሣ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ውኃ እያጣ ስለሚኖር ይጠጣል። ስለዚህ በእኛ አኳሪየም ውስጥ የሚፈሰው መድኃኒት በአፍ ገብቶ አንጀት ይደርሳል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። የሚደርሰው በስንጥብና በቆዳ አልፎ ወደ ደም መግባት ከቻለ ብቻ ነው። ሁሉም መድኃኒት ደግሞ ያንን አይችልም። ሜትሮኒዳዞል በመጠኑ ያልፋል። ሌቫሚሶልና ፕራዚኳንቴል ደህና አድርገው ያልፋሉ። ፌንቤንዳዞልና አልቤንዳዞል በውኃ የመሟሟት ነገር ስለማይሆንላቸው በምግብ ካልሆነ ብዙ አይጠቅሙም።

ከዚህ ተነስቶ ለመምህርቷ የሰጣት መመሪያ ይህ ነው። የሚበላ ዓሣ በምግብ ይታከም። ፈጽሞ የማይበላ ዓሣ በመጀመሪያ በስንጥብ የሚያልፈውን መድኃኒት በውኃ ይውሰድ፤ ሕመሙ ጋብ ሲልለትና አፉን ሲከፍት ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ምግቡ ይዛወር። ምግብ ወደ አፉ እያስገባ የሚተፋው ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ ፍላጎቱ አልሞተም ማለት ነውና ተስፋ አለው። ጎልማሳ ኤንጀልፊሽ ሳይበላ ከሳምንት በላይ መቆየት ስለሚችልም መደናገጥ አያስፈልግም አላት። ያጽናናት ይህ የመጨረሻው ቃል ይመስለኛል።

7ኛው ከመሐል ሜዳ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ሁላችንም ዶክተር እያልን እናከብረዋለን። በ6ኛው ላይ የሚቃወመው ነገር አላገኘም፤ አንድ ነገር ግን ተዘሏል አለ፤ ተውሳኩ የትኛው ነው? ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ይባላል። ነጭ ክር የመሰለ ሰገራ ብቻውን ማስረጃ አይደለም። አንጀቱ ባዶ የሆነ ዓሣም ንፍጥ ብቻ ስለሚያወጣ ሰገራው ይነጣል። ሄክሳሚታ የሚባሉት በጅራፍ መሰል ጭራ የሚዋኙ ባለ አንድ ሕዋስ ተውሳኮች አንድ ወገን ናቸው፤ የእነርሱ መድኃኒት ሜትሮኒዳዞል ነው። ድቡልቡል ትሎች ሌላ ወገን ናቸው፤ ለእነርሱ ሌቫሚሶል ወይም ፌንቤንዳዞል ያስፈልጋል። ጥብጣብ መሳይ ትል ከሆነ ደግሞ ፕራዚኳንቴል ነው። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም። በመንዝ በየቀኑ የሚያየውን ምሳሌ አመጣ፤ ገበሬው በጉ በከሳ ቁጥር ያንኑ ቴትራሚሶል የተባለ የትል መድኃኒት ይግተዋል። በጉን ያከሳው ግን የጉበት ትል ሆኖ ይገኛል፤ ቴትራሚሶል የጉበት ትልን አይነካም። ገንዘቡም በጉም ይሄዳል።

ማድረግ የሚገባውን ዘረዘረላት። ዓሣው ሲጸዳዳ ጠብቃ ትኩሱን ሰገራ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ትምጠጠው፤ አንዲት ጠብታ የራሱ የአኳሪየም ውኃ ጨምራ ማይክሮስኮፕ ወዳለበት ክሊኒክ ታድርስ። ባለ ጭራዎቹ ከዓሣው ከወጡ በኋላ ብዙ አይቆዩም፤ የቀዘቀዘና ያደረ ሰገራ ላይ ምንም አልታየም ማለት የሉም ማለት አይሆንም። ካፒላሪያ የተባለው ትል ካለ እንቁላሉ እንደ በርሜል ሆኖ በሁለቱም ጫፎቹ ላይ ውታፍ ያለበት ስለሆነ ከሌላ አይምታታም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በጨዋነት ነበር። 8ኛው ያንን ለወጠው። በዚህ አገር ለኤንጀልፊሽ ሰገራ ማይክሮስኮፕ የሚያይ ማን ነው ብሎ ጀመረ። ቤት ውስጥ የተረፈ ሜትሮኒዳዞል የሌለው ሰው የለም፤ ሁለት እንክብል ገንዳው ውስጥ ጣል፣ ማሞቂያውን 34 ዲግሪ አድርስ፣ አበቃ። አዲስ አበባ ሳለ ሠርቶለታል። የሐኪሙንና የዲስከሱን ሰው ጽሑፍ መጽሐፍ ቀመስ ወሬ ብሎ ጠራው።

9ኛው የእኔ ነው። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ምክሩ የሚገድል ነውና። ሙቀት ጨምሩ የሚለው ምክር የተጻፈው በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚኖር ሰው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ እንኳ አይሞላም፤ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 28 ዲግሪ የሆነ ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር ወደ 7.8 ሚሊ ግራም ኦክስጅን መያዝ ሲችል እኛ ዘንድ ከ5.6 ብዙም አያልፍም። ውኃው ሲሞቅ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል፤ የዓሣው የኦክስጅን ፍላጎት በአንጻሩ ይጨምራል። የታመመና የተራበ ዓሣን 34 ዲግሪ ላይ ማስቀመጥ ማፈን ነው። 28 ላይ ይቆይ፤ የአየር ፓምፑ ሌሊትም ቀንም አይቋረጥ፤ የውኃው ገጽ ይናወጥ።

10ኛው ላይ ያው ሰው ተመለሰ፤ ተቆጥቷል። ቁጥር በመደርደር ዓሣ አይድንም፤ አዲስ አበባም ደጋ ናት አለ። 11ኛው የሐኪሙ ነበር፤ አጭርና ቆራጥ። አዲስ አበባ ከደብረ ብርሃን በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ትላለች። ባቄላ በደብረ ብርሃን ለመብሰል ከሸዋ ሮቢት ይልቅ ረጅም ጊዜ የሚፈጀው በምን ምክንያት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የአየር ግፊትን ነገር የመጽሐፍ ወሬ ሊለው አይገባም፤ የሚሰማ ካለ ይስማ። የተረፈ እንክብል መጣል የሚለውንም አወገዘው፤ ሜትሮኒዳዞል ለሰው የአሜባና የጃርዲያ መድኃኒት ነው፤ ያለ ልክና ያለ ምርመራ የሚበተን ነገር አይደለም፤ በእጅ ጓንትም መነካት አለበት።

12ኛው ከክርክሩ ወጣ ብሎ መብራት ሲጠፋ ምን እናድርግ ሲል ጠየቀ። ይህ በውርጭ ወራት እውነተኛ ጭንቀት ነው። መልሱን እዚያው ጨመርኩ፦ የአኳሪየሙን ሦስት ጎኖች በወፍራም ብርድ ልብስ ወይም በመንዝ ዝተት መጠቅለል፣ ላዩን ግን ለአየር መተው፣ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ በተጠንቀቅ ማስቀመጥ። ከብርዱ በፊት የሚቀድመው የአየር እጦት ነው።

በ13ኛው አንዲት እናት ከአንኮበር ጻፉ። ኮሶ ለሰው የኮሶ ትል መድኃኒት ከሆነ ለዓሣስ ለምን አይሆንም? ጥቂት አበባውን ዘፍዝፎ ውኃውን መጨመር አይቻልም ወይ? እንቆቆና መተሬም አሉ። ጥያቄያቸው በቅንነት ነበር፤ በ14ኛው ግን የደብረ ሲናው ወጣት እንዲሁ ነገር ሳያመዛዝን ተቀብሎ እሞክረዋለሁ አለ። 15ኛው የሐኪሙ ሆነ፤ ለእናቲቱ በአክብሮት፣ ለወጣቱ በቁጣ። ኮሶ በሰው ላይ እንኳ ልኩ ሲያልፍ የሚጎዳ ብርቱ መድኃኒት ነው። በግራም የማይታወቅ፣ ለስንት ሊትር ስንት እንደሚሆን ያልተለካ ነገር ስንጥብ ባለው ፍጡር ላይ አይፈስም። የአገር ዕፅ ሁሉ ገር ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ብርብራን ያስብ አለ። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል፤ አባቶቻችን ዓሣ ሲያጠምዱበት የኖሩት ስለሚገድል ነው።

16ኛው እናቲቱ ናቸው። አልተቀየሙም፤ ልጄ እውነትህን ነው በሚል መንፈስ፣ ብርብራ ሲበተን በልጅነታቸው ማየታቸውን ተረኩ። ወንዝ ዳር የተሰበሰበው ሰው፣ ቅርጫቱ፣ ውኃው ላይ እየተገለበጠ የሚወጣው ዓሣ ሁሉ አልተረሳቸውም። ከርዕሱ ቢወጣም ማንም አልተቃወመም፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት።

17ኛው መምህርቷ በምርመራ ውጤት የመጣችበት ነው። በከተማው አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ሰገራውን አይተውላታል፤ በፍጥነት የሚርመሰመሱ ባለ ጭራ ተውሳኮች ሞልተውታል። በዚህ ላይ ማይክሮስኮፕ የሚያይ ማን ነው ለተባለው መልስ ተገኘ። እንግዲህ መድኃኒቱ ሜትሮኒዳዞል ነው፤ የቀረው አሰጣጡ ነው።

18ኛው የዲስከሱ ሰው ነው። እንደ ወጥ ቤት ባለሙያ ደረጃ በደረጃ ጻፈው፤ በሙሉ ልብ የምመክረው ይህንን ነው። ሁለቱ ታማሚዎች መጀመሪያ ከአባራሪው ይለዩ። 40 ሊትር የሚይዝ ንጹሕ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ማሞቂያ፣ የአየር ፓምፕ ይበቃል። ማጣሪያ ካለው ከሰሉ ይውጣ፤ መድኃኒቱን ይመጠዋልና። ባለ 250 ሚሊ ግራም እንክብል አንዱ በሁለት ማንኪያ መካከል እስኪልም ተፈጭቶ፣ በጥቂት ለብ ያለ ውኃ ተሟሙቶ ለ40 ሊትሩ ይሰጣል። በየቀኑ ሩብ ያህሉ ውኃ እየተቀየረ መድኃኒቱ ይደገማል፤ ከአምስት ቀን አይለፍ።

በጎን ደግሞ ምግቡ ይዘጋጃል። ሜትሮኒዳዞል መራራ ነው፤ መራጭ ዓሣ በመጀመሪያው ጉርሻ ከተጠራጠረ ሁለተኛውን አይነካም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት መድኃኒት የሌለበት የጄላቲን ምግብ እየቀመሰ ይልመድ። ጄላቲኑ በሙቅ ውኃ ይሟሟል፤ ጣት እስኪችለው ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ከተከተፈ የምድር ትልና ከተፈጨ ደረቅ ምግብ ጋር ይለወሳል። በሳሕን ላይ ሳስ ብሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይረጋል። ሲረጋ በምላጭ ከዓሣው ዓይን ባልበለጠ መጠን ይቆረጣል። ትልቅ ቁራጭ የሚተፋ ዓሣ ትንሹን ይውጠዋል። ዓሣው ይህንን ከለመደ በኋላ የተለወሰው ምግብ 25 ግራም ከሆነ አንድ ባለ 250 ሚሊ ግራም እንክብል ይገባበታል፤ ይህም ከመቶ አንድ እጅ ይሆናል። ምሬቱን ለመሸፈን የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ ሁለት ሦስት ጠብታ ይጨመራል። የሸዋ ሮቢቱ ሰው ነጭ ሽንኩርት ትክክለኛ ቦታው እዚህ ነው። መድኃኒት ያለበት ምግብ ጠዋት፣ ዓሣው ሲርበው፣ ከሌላ ምግብ ሁሉ በፊት ይቅረብ። ይህም ለአምስት ቀን ነው። የተረፈው ቁራጭ ወዲያው ከውኃው ይውጣ።

በ19ኛው የሸዋ ሮቢቱ ሰው በስሙ መነሣት ሳይደሰት አልቀረም፤ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ማንኛውንም መራጭ ዓሣ አፉን የሚያስከፍተው የሚንቀሳቀስ ምግብ ነው፤ እርሱ ግቢው ውስጥ ውኃ በበርሜል አስቀምጦ የትንኝ እጭ ይሰበስባል። 20ኛው የጤና ባለሙያ ነበረች፤ ነገሩን በቀላሉ አላየችውም። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ ወባ ያለበት አካባቢ ነው፤ በዚያ ላይ ክፍት በርሜል ማስቀመጥ ለዓሣ ሲባል የጎረቤትን ልጅ አሳልፎ መስጠት ነው። ቃሏ የሰላ ነበር፤ ትክክል ናት። 21ኛው ላይ ሰውየው በየቀኑ እንደሚቀዳና እጩ ወደ ትንኝነት እንደማይደርስ ተከራከረ። እርሷ በ22ኛው አንድ ቀን ከታመምክ ወይም መንገድ ከሄድክስ ማን ይቀዳዋል አለችው፤ እጩ በቆላ ሙቀት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ክንፍ ያወጣል። ክርክሩ ያለቀው የዲስከሱ ሰው ከላይ የምድር ትልን ለምን እንደመረጠ ሲታወስ ነው። የምድር ትል የትም ይገኛል፤ ይታጠባል፤ ይከተፋል፤ ማንንም አያሳምምም። ከረግረግና ከኩሬ የሚቀዳ ሕያው ምግብ ደግሞ ራሱ ተውሳክ ይዞ ሊመጣ እንደሚችል እኔ ጨመርኩበት፤ ጥቃቅን የውኃ ነፍሳት የትል ዕጭ ያስተላልፋሉ።

23ኛው ከርዕሱ ርቆ ሄደ። አንድ ገበሬ በጓሮው ኩሬ ቆሮሶ ያረባል፤ ይህንኑ ሜትሮኒዳዞል ለእርሱ ዓሣዎች መስጠት ይችላል? ሐኪሙ በ24ኛው በጥብቅ ከለከለ። ሜትሮኒዳዞል ለምግብ በሚውሉ እንስሳት ላይ በብዙ አገሮች የተከለከለ ነው፤ ለሽያጭም ሆነ ለቤት ማዕድ የሚቀርብ ዓሣ በዚህ አይታከምም። እዚህ የተባለው ሁሉ ለጌጥ ዓሣ ብቻ ነው።

25ኛው የመምህርቷ ነው፤ ደስታና ድንጋጤ ተቀላቅለውበታል። ትንሹ ዓሣ በውኃ መድኃኒቱ ላይ ሳለ ጄላቲኑን መብላት ጀምሯል፤ ሰገራው መልክ ይዟል። ሁለተኛው ግን አልተሻለውም። ዝም ብሎ ሲቆም አጠገቡ ተቀምጣ ስትመለከተው ከፊንጢጣው ሁለት ሦስት ቀያይ ክሮች ብቅ ብለው ታዩ፤ ሲንቀሳቀስ ወዲያው ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ፎቶውንም አብራ ላከችው።

ሐኪሙ በ26ኛው አልተጠራጠረም፤ ካማላነስ የተባለው ቀይ የአንጀት ትል ነው። ሜትሮኒዳዞል ትል አይነካም፤ ስለዚህ አንዱ ዓሣ ሁለት ሕመም ይዞ ኖሯል ማለት ነው። ይህ ትል የሚወልደው ሕያው ዕጭ ስለሆነ ዕጩ በገንዳው ውኃ ውስጥ አለ፤ ጤነኛ የሚመስሉት አራቱም ጭምር መታከም አለባቸው። የሚያስፈልገው ሌቫሚሶል ነው፤ መጠኑ በሊትር 2 ሚሊ ግራም፣ ለ24 ሰዓት። በየእንስሳት መድኃኒት ቤቱ የሚገኘው ግን ቴትራሚሶል ነው። ቴትራሚሶል ሲከፈል ግማሹ ብቻ ነው ሌቫሚሶል፤ ስለዚህ በሊትር 4 ሚሊ ግራም ይሆናል። የበግ የሚባለው ባለ 600 ሚሊ ግራም እንክብል ተፈጭቶ በ600 ሚሊ ሊትር ውኃ ይበጠበጣል፤ በነጠላ ጨርቅ ይጠለላል። እንግዲህ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር አንድ ሚሊ ግራም ይይዛል።

መምህርቷ ገንዳዋን 112 ሊትር ብላ አስልታ 448 ሚሊ ሊትር ልትጨምር ነበር። የፍቼዋ በ27ኛው አስቆመቻት። 112 ሊትር የሚሆነው እስከ አፉ ሲሞላ ነው፤ ውኃው ከአፉ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ 80 በ35 በ35 ሲባዛ 98 ሊትር ነው፤ የጠጠሩ ድርሻ ሲቀነስ ወደ 95 ይወርዳል። ስለዚህ 380 ሚሊ ሊትር ብቻ። መድኃኒት ስንሰጥ ገንዳው ይይዛል የተባለውን ሳይሆን በእርግጥ ውስጡ ያለውን ውኃ እንለካ፤ ይህንን ስሌት ለየራሳችሁ ገንዳ አሁኑኑ ሠርታችሁ ወረቀት ላይ አስቀምጡ።

28ኛው የእኔ ነበር። መድኃኒቱ ትሉን የሚያሽመደምደው እንጂ ወዲያው የሚገድለው አይደለም። የደነዘዘው ትል ከአንጀት ይወጣና ገንዳው ወለል ላይ ይወድቃል፤ እዚያው ከተተወ ሌላ ዓሣ ይለቅመዋል። ስለዚህ 24 ሰዓቱ እንዳለቀ ወለሉ በቱቦ በደንብ ይመጠጥ፤ ከግማሽ በላይ ውኃ ይቀየር፤ ከዚያ አዲስ የማጣሪያ ከሰል ይግባ። በ24 ሰዓቱ ውስጥ መብራቱ ይጥፋ፣ ገንዳው ይሸፈን፤ ብርሃን መድኃኒቱን ያዳክመዋል። የአየር ፓምፑ ግን ይሥራ። በሦስተኛው ሳምንት ሁሉም ነገር ይደገማል፤ ከመጀመሪያው ዙር ያመለጠ ዕጭ በዚያ ጊዜ ያድጋልና።

29ኛው ያ የ8ኛው ሰው ነው። ለአንድ ዓሣ ተብሎ ስድስቱን መመረዝ ምን ይሉታል ሲል ጠየቀ። ሐኪሙ መልሱ 26ኛው ላይ ተጽፏል፤ ይነበብ ብሎ ተወው። እኔም ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

30ኛው እስካሁን የመጨረሻው ነው። መምህርቷ እንደተነገራት አድርጋለች። ከወለሉ በቱቦ የተመጠጠውን በነጭ ሳሕን ላይ ስታፈስሰው ጠጉር የሚያካክሉ ቀያይ ትሎች አገኘች፤ ብዛታቸው ካሰበችው በላይ ነበር። አራቱ ጤነኞች እንደወትሮው ይበላሉ። ትንሹ አሁን ደረቁንም ምግብ ይውጣል። ሁለተኛው ገና የተከተፈ የምድር ትል ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ጄላቲኑን እንደ ቀድሞው ይተፋዋል። የቀረው ጥያቄዋ የሁለተኛው ዙር ጊዜ እስኪደርስ ለእርሱ በምድር ትል ውስጥ ሜትሮኒዳዞሉን ማስገባት ትችላለች ወይ የሚል ነው። ትችያለሽ። የተፈጨውን እንክብል በጥቂት ገና ባልረጋ ጄላቲን ለውሰሽ በሲሪንጅ ጫፍ ወደ ትሉ ቁራጭ ውስጥ አስገቢው፤ ቁራጩን መድኃኒት ባልተቀላቀለበት ጄላቲን ነክረሽ አቀዝቅዢው፤ ለብቻው በተለየበት ዕቃ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ስጪው፤ አምስት ቀን ሲሞላ አቁሚ። ወደ ፊት ከአዲስ አበባ የምታመጪያቸው ዓሣዎች ደግሞ ከእነዚህ ጋር ከመቀላቀላቸው በፊት አንድ ወር በዚያው የፕላስቲክ ዕቃ ይቆዩ።